ጆሳያ ፔል አበደ ያለው ማን ነው?

አብዱልሐሚድ ረቡዕ ረቡዕ ታክሲውን አያወጣም። ቁርሱን በልቶ፣ ከአውሮራ አውቶብስ ተሳፍሮ፣ የኮልፋክስን ጎዳና ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ዴንቨር ይወርዳል። ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። የመቶ ዓመት ጋዜጦች በፊልም ተነስተው በጥቅል በጥቅል የተቀመጡበት ክፍል አለ፤ ፊልሙን ማሽኑ ላይ አስገብቶ፣ እጀታውን እያሽከረከረ፣ ዓይኑ እስኪቀላ ያነባል። እንዲህ ሲያደርግ ሰባት ወር ሆነው።

ሚስቱ ማህፉዛ መጀመሪያ ላይ ፈተና ሊፈተን የሚያጠና መስሏት ደስ ብሏት ነበር። እውነቱን ስትሰማ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ከሞተ መቶ ዓመት የሆነው ፈረንጅ ቢያብድ ባያብድ አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ? ዘመድህ ነው?»

«አይደለም።»

«እስላም ነው?»

«አይመስለኝም።»

«ታዲያ?»

«አብዷል ብለውታል» አላት። «ይበድ አይበድ አላውቅም። ማን እንዳለው ማወቅ ግን እፈልጋለሁ።»

ማህፉዛ እጇን ከወገቧ አወረደች። ለምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

ከሦስት ዓመት በፊት አብዱልሐሚድና የማህፉዛ ወንድም ጠልሀ ኮልፋክስ ላይ ሱቅ ነበራቸው። ገበያው ደርቶ፣ ሰው ተሰልፎ በሚገዛበት ሰሞን ጠልሀ «ቢራ እናስገባ» አለ። አብዱልሐሚድ አይሆንም አለ። ቢራው ገባ። አብዱልሐሚድ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ጠልሀም ሰው ሲጠይቀው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጭንቅላቱን ሳይነካው አልቀረም» አለ፤ ምናልባትም ለቀልድ ነው። ወሬው ሞንትቤሎ ሰፈር ሲደርስ አብዱልሐሚድ መድኃኒት ጀምሯል። ካፒቶል ሂል ሲደርስ ሆስፒታል ተኝቷል። አንድ ቀን ሳቢራ የምትባል የማህፉዛ ጓደኛ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዛ በሽተኛውን ልትጠይቅ መጣች፤ በሩን የከፈተላት በሽተኛው ራሱ ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቀህ!» ብላ አለቀሰች። ብርቱካኑን ተቀብሎ አመሰገናት። ሌላ ምን ያድርግ?

የጆሳያ ፔልን ነገር ያመጡለት ሚስስ ዊትከም ናቸው። ሰማንያ ዓመት የደፈኑ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከካፒቶል ሂል ወደ ቼዝ ክለባቸው የሚያደርሳቸው እሱ ነው። «ሌላው ሾፌር ያወራል፣ አንተ ግን ትሰማለህ» ይሉታል። ሲሰማ ሲሰማ የፔልን ታሪክ ከነዘሩ አወቀው። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ዴንቨር ላይ ፔልን በቼዝ የሚደፍረው አልነበረም። ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ስድስት ሰው ባንድ ጊዜ ይገጥም ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1878፣ ማንም ሳያሸንፈው፣ አንድ ቀን «በቃኝ» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረ፤ አንዲት የቼዝ ወታደር እንኳ አላንቀሳቀሰም። ዘንድሮ፣ በ1996፣ ከሞተ መቶ ዓመት ስለሞላው ክለቡ ምንም ምልክት በሌለው መቃብሩ ላይ ድንጋይ ሊያቆምለት ነው። ጽሑፉም ተዘጋጅቷል፦ «ጆሳያ ፔል፣ የዴንቨር የቼዝ ሻምፒዮን። አእምሮውን ስቶ ጨዋታውን ተወ።»

«የኋለኛው ለምን ይጻፍበታል?» አለ አብዱልሐሚድ፣ ቀይ መብራት ይዞት ቆሞ።

«ታሪክ ነዋ! አሥራ አንድ ጋዜጣ ጽፎታል።»

«ጋዜጦቹ ከማን ሰሙ?»

ሚስስ ዊትከም መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን አሰቡ። «እሱን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ።

አብዱልሐሚድ ትምህርት ቤት የገባው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማረው በጆሮው ነው፤ ደሴ ሳለ ሼኹ ተማሪዎቻቸውን ሲያስቀሩና ሲያስተምሩ በር ላይ ቁጭ ብሎ። እዚያ ቤት አንድ ቃል «ነቢዩ ተናግረውታል» ተብሎ ቢመጣ እንኳ እንዲሁ አይታለፍም። ይህ ሰው ከማን ሰማ? ያኛውስ ከማን? እየተባለ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ እስከ መጀመሪያው አፍ ይታሰሳል። መሐል ላይ ውሸታም ወይም ቂመኛ ከተገኘ፣ ሺህ ሰው ቢደግመው ቃሉ ወድቋል። «የደገመውን አትቁጠር፣ የጀመረውን ፈልግ» ይሉ ነበር ሼኹ። ይኼ ትምህርት ለአሜሪካ ጋዜጣ ይሠራል ብሎ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለውም ነበር። ሞከረው፤ ሠራለት።

አንዱ ጋዜጣ ፔል መንገድ ላይ ብቻውን ያወራል ይላል። ሌላው ዳቦ ጋጋሪውን «ንግሥቴን መልስልኝ» ብሎ አነቀው ይላል። ሌላው ደግሞ ራሱን ንጉሥ ብሎ ይጠራል ይላል። ወሬው ከሰው ሰው ባለፈ ቁጥር ቀንድ ያበቅላል። በየጽሑፉ ግርጌ ግን በደቃቅ ፊደል «እገሌ የተባለው ጋዜጣ እንደዘገበው» የምትል መስመር አለች። አብዱልሐሚድ ያቺን መስመር ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። በመንገዱም ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ባለ ሦስት መስመር ወሬዎች አገኘ፦ በ1885 ሚስተር ጄ. ፔል በፖም እርሻው ተሸለመ። በ1887 ሚስተር ጄ. ፔል ፍርድ ቤት ተጠርቶ፣ በአንድ ሌባ ጉዳይ ላይ ከፈረዱት አሥራ ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ።

«እብድ ይፈርዳል እንዴ?» አለ ማሽኑን። አጠገቡ የተቀመጠች ልጅ ቀና ብላ አየችው።

በሰባተኛው ወር የሰንሰለቱን ጫፍ ያዘው። ማን እንደሆነ ለሚስስ ዊትከም ሲነግራቸው ቦርሳቸው ከጭናቸው ላይ ወደቀ። «ቅዳሜ ውጭ አትጠብቀኝም» አሉት። «ይዤህ እገባለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክለቡ አዳራሽ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነበር። ሊቀመንበሩ ሚስተር ሃልስተድ የሚባል የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሳቅ የሚወድ፣ ሰው ሲያወራ ሰዓቱን የሚያይ። ድንጋይ ቀራጩ ጽሑፉን የሚረከበው ሰኞ ነው። ከሊቀመንበሩ በስተጀርባ መደርደሪያ ላይ የክለቡ የብር ዋንጫ ያብረቀርቃል።

«አብዱል ነው አይደል ስምህ?» አለ ሃልስተድ።

«አብዱልሐሚድ።»

«አብዱል፣ ድካምህን እናደንቃለን። ግን አሥራ አንድ ጋዜጣ በአንድ ታክሲ ነጂ አይሻርም።» ጥቂቶች ሳቁ። «ቼዝስ ትችላለህ?»

«እችላለሁ። ስሜ ግን አብዱልሐሚድ ነው።»

«እንግዲያው እንጫወት! ካሸነፍከኝ መስመሩን እሰርዘዋለሁ። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ ከየት ይመጣል?» ሃልስተድ ቦርዱን ወደ እሱ ገፋለት። አሁን ሁሉም ሳቀ፤ ወንበር የሳበም ነበር።

አብዱልሐሚድ ቦርዱን አየው። ደህና ተጫዋች ነው፤ ሊያሸንፍም ይችል ይሆናል። እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም።

«አልጫወትም» አለ።

«ፈራህ?»

«ይኼ ሰው እብድ የተባለው አልጫወትም ስላለ ነው። እኔም አልጫወትም። በሉ እብድ በሉኝ። ለምጀዋለሁ።»

ሚስስ ዊትከም በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «ወረቀቱን አድላቸው!»

አሥራ አንዱን ፎቶኮፒ አደላቸው፤ ለአንዳንዱ ሁለት ደረሰው። «ወሬውን አታንብቡ፣ ታውቁታላችሁ» አለ። «ከማን እንደሰማ የሚለውን ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ። ከኋለኛው እንጀምር፣ ከ1896።»

አንዱ መነጽሩን አስተካክሎ «የፑዌብሎ ጋዜጣ እንደዘገበው» ሲል አነበበ። የፑዌብሎው የደረሰው ሰው «የሊድቪል ጋዜጣ እንደዘገበው» አለ። የሊድቪሉ ወደ ሌላ ላከ፤ ያኛውም ወደ ሌላ። አንዳንዱ በቀጥታ፣ አንዳንዱ በጎን ይዞራል፤ ሁሉም ግን ወደ አንድ ቦታ ይወርዳል። ከአምስተኛው በኋላ የሚስቅ አልነበረም። አሥራ አንደኛው፣ የ1880ው፣ ሃልስተድ እጅ ላይ ነበር።

«አንብብልን» አሉ ሚስስ ዊትከም።

ሃልስተድ ለራሱ አነበበው። ጉሮሮውን ጠረገ። «ሚስተር ሆራስ ድሬክ ለዝግጅት ክፍላችን እንደነገሩን…»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞሮ ከሃልስተድ ጀርባ ያለውን ዋንጫ አየ። የድሬክ ዋንጫ ነው። ክለቡን ያቋቋመው ድሬክ ነው።

አብዱልሐሚድ አንድ ወረቀት ጨመረላቸው። የ1877 ጋዜጣ ነው፦ ሚስተር ፔል ሚስተር ድሬክን ዘጠኝ ጊዜ ገጥሞ ዘጠኙንም አሸነፈ፤ ሚስተር ድሬክ እጅ ሳይሰጡ ከአዳራሹ ወጡ።

«አሥራ አንድ ምስክር አይደለም ያላችሁት» አለ። «አንድ ነው። እሱም ዘጠኝ ጊዜ የተሸነፈ።»

«ይህ ድሬክ ዋሽቷል ማለት አይደለም» አለ ሃልስተድ፤ አንገቱ ቀልቷል።

«አይደለም። እውነቱን ተናግሮም ይሆናል። ስለዚህ መስመሩ እንዲጻፍ ከፈለጋችሁ ይጻፍ፤ አልከራከርም።» አብዱልሐሚድ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ግን በእኛ ዘንድ ቃል ያስተላለፈ ሰው ከማን እንደሰማ ስሙን ጠርቶ ነው። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ አእምሮውን ስቶ ጨዋታውን ተወ፣ ይህንንም የተናገረው ፔል ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈው ሆራስ ድሬክ ነው። ድንጋዩ ሰፊ ነው፤ ይበቃል።»

ከወደ ጥግ አንድ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወደ ሳል ለወጡት። ሃልስተድ ግራ ቀኝ አየ። ያን ድንጋይ ካቆሙ በየዓመቱ በድሬክ ስም የሚሸልሙትን ዋንጫ ማን ደፍሮ ያነሳዋል? እስክሪብቶውን አወጣና መስመሩን ሰረዘው፤ አንዴ፣ ደግሞ እንደገና።

«እሺ። ወጣ» አለ። «ታዲያ በምትኩ ምን እንጻፍ? ሰባት ወር ስታነብ ከርመሃል፣ ለምን እንደተወው አንተ ታውቃለህ። ንገረን፣ እሱን እንጽፋለን።»

አብዱልሐሚድ መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ፣ ከማሽኑ ፊት ተቀምጦ፣ ይህ ሰው ለፈጣሪው ብሎ ነው የተወው፣ ከሚያሸንፍበት ወንበር ያስነሳው ሌላ ምንም አይሆንም ሲል ኖሯል። አሁን ቢለው ይጻፍለታል። በእብነ በረድ ላይ ይቀረጽለታል። የሚያየው ሁሉ ያነበዋል፣ የሚያነበውም ሁሉ ይደግመዋል።

«ከማን ሰማህ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ።

ከማንም አልሰማም።

«አላውቅም» አለ። «ለማንም አልተናገረም። ጋዜጦቹም አላወቁም፣ እኔም አላውቅም።»

«ድንጋዩ እኮ ግማሹ ባዶ ሊቀር ነው» አለ ሃልስተድ።

«ይቅር» አለ አብዱልሐሚድ፣ ወረቀቶቹንም አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመረ።