ጉጉት የተከሰሰበት ጉዳይ

«ጉጉት» ያለው ሰፈሩ ነው። ሌሊት ዓይኑ አይከደንም፤ በመስኮት ወጪ ገቢውን ሲቃኝ ያነጋል። ከጋራዡ ሥራ ከተቀነሰ ወዲህ የሚስቱን ፊት ማየት ከብዶታል። የቤት ዕቃ ፋብሪካው የሌሊት ዘበኛ ይፈልጋል ሲባል ከሁሉ ቀድሞ ተመዘገበ።

የቅጥር ኃላፊዋ ከፍርድ ቤት ያስመጣችውን ወረቀት ዘርግታ ጠበቀችው። ጉጉት ማኅተሙን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ተከሰው ያውቃሉ፣ አባቴ?»

«አውቃለሁ።»

«የሰው አንገት አንቀው አሳድረዋል ይላል።»

«አንገት አይደለም፣ ኮሌታ ነው። አጥር ሲዘል ነው የያዝኩት። በጨለማ ሌባና አማች አይለይም።»

«አማችዎ ነው?»

«የሚስቴ ወንድም። ጎረቤቴ ነው፣ ልብስ ሰፊ። ሲያመሽ ሚስቱ እንዳትሰማው በእኛ አጥር ይገባል።»

«እኔ ነኝ አላለም?»

«ብሏል። ሌባ ሁሉ እኔ ነኝ ነው የሚለው።»

ኃላፊዋ ሳቋን ዋጠች። ግን ደንብ ደንብ ነው፤ የተከሰሰ ሰው ከመቀጠሩ በፊት ከሳሹ ይጠየቃል። ስልክ ደወለች። ጉጉት ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ጀመር። ያ ሰው እንኳን ደግ ሊናገርለት፣ ሰላምታም ከነፈገው ቆይቷል።

የልብስ ሰፊው ድምፅ ከስልኩ ተርፎ ክፍሉን ሞላው።

«ጉጉትን ልትቀጥሩት? ቀን ነው ማታ?»

«ማታ ነው።»

የሰውየው ድምፅ ወዲያው ማር ሆነ።

«እህቴ፣ እሱን የመሰለ ዘበኛ ከየት ይገኛል? ዝንብ አያሳልፍም። ዛሬውኑ ይጀምር። እሑድም ቢሆን እዚያው ይደር።»

«ያለፈው ዘበኛችን ጣውላው ሲሰረቅ ያንኮራፋ ነበር» አለች ኃላፊዋ፣ ስልኩን አስቀምጣ። ፈረመች።

በማግስቱ ጠዋት ጉጉት ከሥራ ሲመለስ ልብስ ሰፊው አጥሩ ሥር ቁጭ ብሏል። ኮሌታው ተቀዷል። የጉጉት ሚስት ከጎኑ ቆማ ታዛጋለች።

«ብቻዬን ስሆን ፈርቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለች። «ኮሽ ሲል ወጥቼ ያዝኩት።»

«እህቴ አይደለሽ? እኔ ነኝ እያልኩሽ!» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሌባ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ፍርድ ቤት አቆምሻለሁ።»

ጉጉት ባርኔጣውን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ።

«ክሰሳት፣ ወንድሜ» አለ። «ፋብሪካው ገና አንድ ዘበኛ ይጎድለዋል።»