ሁለቱ የመብራት ደብተሮች

ኑኃሚን መልካ ጀብዱ ዳር ባለው የጋሽ ኃይለመለኮት የዶሮ እርባታ ስትቀጠር ሥራሽ ጫጩት ማስፈልፈል ነው ተብላ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ግን ዋናው ሥራዋ መብራት መጠበቅ መሆኑ ገባት። እንቁላል ማሽን ውስጥ ሃያ አንድ ቀን ይቆያል። ከነዚያ ቀናት መብራት ሳይሄድ ነግቶ የሚመሽበት በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ከማሽኑ ጎን በሲባጎ የተንጠለጠለ ሰማያዊ ደብተር ነበራት። መብራት የሄደበትን ሰዓት፣ የመጣበትን ሰዓት፣ ጄኔሬተሩ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደተነሳና የማሽኑ ሙቀት ስንት እንደደረሰ ትጽፍበታለች። ይህን ያስጀመራት ለገጠር ሴቶች ማኅበራት ጫጩት የሚያከፋፍለው ፕሮጀክት ነው። እርባታው ጫጩቱን የሚያስረክበው ለነሱ ነበር።

ሥራውን ያገኘችው በእናቷ በወይዘሮ በለጠች በኩል ነው። እናቷና ጋሽ ኃይለመለኮት አንድ የጽዋ ማኅበር ናቸው። እናቷ ከተማ ውስጥ በየሄደችበት የሰውየውን ደግነት ስታወራ ትውል ነበር፤ ኑኃሚንም ሰምታ ሰምታ አምናዋለች።

በግንቦት መጀመሪያ፣ አርብ ጠዋት፣ ፒክአፕ መኪና መጥቶ ጄኔሬተሩን ጭኖ ሄደ። ኑኃሚን ስትደርስ የቀረው ሲሚንቶው ላይ የጥቁር ዘይት ክብ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ አዴር የሚላቸው የሶማሌ ሽማግሌ፣ ዘበኛው አዴር ዓደን፣ የጋሽ ኃይለመለኮት ልጅ እሁድ እንደምትዳርና ጄኔሬተሩ ለድንኳኑ እንደተወሰደ ነገሯት። ኑኃሚን ወዲያው ደወለች። ማሽኑ ውስጥ ዘጠኝ መቶ እንቁላል አለ፣ አሥራ ስምንተኛ ቀናቸውን ይዘዋል አለቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ የድሬ ሙቀት ራሱ ማሽን ነው» አሉ እየሳቁ። «ሁለት ቀን ምን ይሆናል?»

ምን እንደሚሆን ታውቃለች። እንቁላል በዚያ ዕድሜው ውስጡ ነፍስ ስላለው ራሱ ይሞቃል። ማራገቢያው ከቆመ በገዛ ሙቀቱ ይበስላል። ይህን ልታስረዳቸው ስትጀምር ሌላ ሰው እየጠራኝ ነው ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ መብራት ሄደ። እሷና አዴር የማሽኑን በር ከፍተው በካርቶን ማራገብ ጀመሩ። ከውጭ የሚገባው አየር ከውስጡ የተሻለ አልነበረም። ቴርሞሜትሩ ከሠላሳ ሰባት ተነስቶ አርባ አንድ ተኩል ገባ። ስድስት ጊዜ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። አዴር ሽርጣቸውን እያነከሩ ትሪዎቹ አጠገብ ዘረጉ። እሱም በደቂቃዎች ውስጥ ደረቀ። ስምንት ተኩል ላይ መብራት መጣ። ኑኃሚን ሰዓቱን ጻፈች፣ ሙቀቱን ጻፈች። «ጄኔሬተር» በሚለው ዓምድ ስር ደግሞ «ለሰርግ ሄዷል» ብላ ጻፈች።

እሁድ ሰርጉ ላይ ተገኘች። እቀራለሁ ብትል እናቷ አትሰማትም ነበር። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቶበት ድንኳኑ ብቻ ቦግ ብሎ ነበር፤ ከድንኳኑ ጀርባ የሚያስለውን የእርባታውን ጄኔሬተር በድምፁ አወቀችው። ያም ሆኖ በላች። ዱለቱ ሲዞር ሳህኗን ዘረጋች፤ ሙሽሪትን ለመሳም ተሰለፈች፤ ጋሽ ኃይለመለኮት ግንባሯን ስመው «ተጫወቺ» ሲሏት አመሰገነች። በኋላ ከሁሉ ይበልጥ ቋቅ የሚላት ይህ ነበር፤ ደጋግማ መጉረሷ።

ሰኞ ዕለት ማሽኑን ስትከፍት ሽታው በሩ ላይ ጠበቃት። ከዘጠኝ መቶው እንቁላል የተፈለፈለው አራት መቶ አይሞላም። ከቀረው ግማሹ አፉን ብቻ አውጥቶ እዚያው ደርቋል። ያልተሰበረውን ስታነሳው በጓንቷ ውስጥ ፈነዳና አረንጓዴ ውሃ እስከ ክንዷ ድረስ ወረደ። ደጅ ወጥታ አስመለሳት። ተመልሳ ገባች። በሕይወት የተረፉት ደግሞ ከሞቱት የባሱ ነበሩ። እትብታቸው ሳይዘጋ እርጥብ ሆኖ ቀርቷል፣ እግራቸው ግራና ቀኝ ተከፍቷል፣ ኩሳቸው መቀመጫቸው ላይ ተጣብቋል። እነዚህን ከማቃጠል በቀር ምን ይደረጋል ብላ አሰበች።

ጋሽ ኃይለመለኮት ከሰዓት በኋላ መጡ፤ የሰርግ ሱሪያቸውን እንኳ አልቀየሩም። አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው በበሩ ብቻ አዩና ጫጩቶቹ ሳጥን ውስጥ ገብተው በማግስቱ ለሴቶቹ እንዲሰጡ አዘዙ። ኑኃሚን እነዚህ ሳምንት አይደርሱም አለቻቸው።

«እስኪሞቱ በኛ እጅ ለምን ይቆያሉ?» አሉ። «ሴቶቹ ጋ ከደረሱ የሴቶቹ ናቸው።»

ኑኃሚን ሳጥኖቹን ማዘጋጀት ጀመረች። በልቧ ግን አንቱታውን ያን ጊዜ ነሳችው። ከዚያ ወዲህ ስታስበው «እሱ» ነው።

በማግስቱ ሴቶቹ መጡ። ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ካለ መብራት ካልገባበት መንደር አሥራ አራት ሆነው፣ በአህያ ጋሪ። መሪያቸው ቱሪያ ረጅም፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ለጫጩቶቹ ቤት በጭቃና በሽቦ ሠርተው ከጨረሱ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር። ኑኃሚን ሳጥኖቹን በገዛ እጇ አቀበለቻቸው። ቱሪያ አንዱን ክዳን ገለጥ አድርጋ አየችና ደህና ናቸው ወይ ብላ ጠየቀች። ኑኃሚን «ውሃ በስኳር ስጧቸው» አለቻት። ለጥያቄው መልሱ ይህ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ቱሪያ ግን ደግማ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ኃይለመለኮት አዲስ ቀይ ደብተር ይዞ መጣ። ሴቶቹ ጫጩት አለቀብን ብለው ለፕሮጀክቱ እንደደወሉ፣ ፕሮጀክቱም ሰው ሊልክ መሆኑን ነገራት። ከአርብ እስከ እሁድ ሦስት ቀን ሙሉ መብራት አልነበረም ብላ እንድትጽፍ ፈለገ። መብራት ጠፋ ቢባል በዚህ አገር የሚጠራጠር የለም፣ መጥቶም የሚከራከር የለም አላት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው ብላ አሰበች። የእናቷን ስምም ጠራ፤ በማኅበሩ ስንት ዓመት እንደሚተዋወቁ።

ጻፈችው። አንድ ገጽ ሙሉ። ይባስ ብሎ፣ እሱ ሳያዛት፣ የተለያየ ቀን የተጻፈ እንዲመስል መሃል ላይ እስክሪብቶ ቀየረች። ኃይለመለኮት ይህን አይቶ «ጎበዝ» አላት። እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ ሽታው የእንቁላሉ ይሁን የሌላ መለየት አቃታት።

ሰኞ ጠዋት ቱሪያና ሦስት ሴቶች አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው ቢሮ ገቡ። ማህደር የምትባል የፕሮጀክቱ ሠራተኛም ቀድማ ደርሳ ነበር። ቱሪያ ሰላምታ ሳታበዛ ከረጢቱን ሲሚንቶው ላይ ዘረገፈችው። የሞቱ ጫጩቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ላባቸው ተልጦ፣ ሆዳቸው ጠቁሮ ተነፍቶ፣ ውስጣቸው ትል ይርመሰመስ ነበር። ማህደር አፏን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ኃይለመለኮት እግሩን ወንበር ላይ ሰቀለ። የዝንቡ ድምፅ ቢሮውን ሞላው።

ከመሐረቡ ጀርባ ሆኖ መናገር ጀመረ። ማዘኑን፣ ሦስት ቀን ሙሉ መብራት መጥፋቱን፣ ጄኔሬተርም ቢሆን ሦስት ቀን እንደማይችል፣ ሁሉም የእግዜር ሥራ መሆኑን አስረዳ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መንደራቸው መብራት ስለሌለው ነበረ አልነበረም ብለው ሊከራከሩት አይችሉም።

«ኑኃሚን፣ ደብተሩን አምጪና ለማህደር አሳያት» አላት።

ቱሪያ እጇን አነሳች። «ለሷ ሳይሆን ለኔ ይነበብልኝ» አለች። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጅቷ ታንብብልኝ።»

ኑኃሚን ወደ ማሽኑ ክፍል ሄደች። ቀዩ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከፈተችውና በሁለት እስክሪብቶ የተጻፈውን የገዛ እጇን ጽሑፍ አየች። እንደዚያ ጽሑፍ የሚያስጠላ ነገር በማሽኑም፣ በከረጢቱም አላየችም። ዘጋችው። ሰማያዊውን ከነሲባጎው በጥሳ ይዛ ተመለሰች።

ቆማ አነበበች። «ቅዳሜ። ስድስት ሰዓት ከአሥር ሄደ። ስምንት ተኩል መጣ። ሙቀት አርባ አንድ ተኩል። ጄኔሬተር፣ ለሰርግ ሄዷል።»

«የቱን ደብተር ነው ያመጣሽው?» አለ ኃይለመለኮት።

ማህደር ከመስኮቱ ዞረች፤ ሌላ ደብተር አለ እንዴ ብላ ጠየቀች። ሰማያዊውን ከኑኃሚን እጅ ተቀብላ ገጹን በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

ቱሪያ ግን ኃይለመለኮትን አላየችውም። ዓይኗ ኑኃሚን ላይ ነበር።

«ሳጥኑን ስትሰጪኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ቱሪያ በኦሮምኛ ለጓደኞቿ አንድ ነገር ተናገረች። አንዷ ሴት ምራቋን እንትፍ አለች፤ በማን ላይ እንደሆነ ኑኃሚን አልጠየቀችም። ሴቶቹ ባዶውን ከረጢት አጥፈው ወጡ። የፈሰሰውን በአካፋ የጠረገችው ኑኃሚን ናት። ጠርጋ ስትጨርስ ኃይለመለኮት ነገ እንዳትመጣ ነገራት።

እናቷ ሁለት ሳምንት አላናገረቻትም። የማኅበሩ ሰዎች ደግሞ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ሐምሌ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካለ የልብስ ፋብሪካ ሥራ አገኘች። እዚያም መብራት ይሄዳል፤ መጻፉ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ፕሮጀክቱ ኃይለመለኮትን ለሴቶቹ ሌላ ጫጩት እንዲያስረክብ አስገደደው። ይህን የነገሯት አዴር ናቸው። ማሽኑ ጎን አዲስ ደብተር እንደተሰቀለ፣ አዲሱ ልጅ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ሁሉ ባንዴ ቁጭ ብሎ እንደሚሞላው ጨምረው ነገሯት።

በነሐሴ አንድ እሁድ ቱሪያ ደወለች። ቁጥሯን ከማህደር እንደተቀበለች ነገረቻት። ጫጩቶቹ መጥተዋል፣ መጥተሽ እይልን አለቻት። ኑኃሚን በባጃጅ እስከ መልካ ጀብዱ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ሄደች። የጭቃው ቤት ውስጥ ተንበርክካ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ገልብጣ እትብታቸውን፣ እግራቸውን፣ መቀመጫቸውን አየች። ሁለቱን ለየችና እነዚህን መልሱ አለች። ሌሎቹ ደህና ነበሩ።

ቱሪያ በጣሳ ውሃ አቀረበችላት። ግቢና ተቀመጪ ግን አላለቻትም።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች። «የጠራሁሽ ዓይንሽ ስለሚያውቅ ነው።»

ኑኃሚን ውሃውን ቆማ ጠጣች፣ ጣሳውን መለሰች፣ የሚቀጥለው ክትባት መቼ እንደሆነም ነገረቻት። ቱሪያ በዚያ ቀን ትመጣ እንደሆነ ጠየቀቻት። እመጣለሁ አለች።