አለቃዬ ተጣራች

«ማሪያም!» ብላ ሰዕዲያ ከምንጣፉ ተነሥታ ሮጠች። በቀርከሃው አጥር በር የገባችውን ሴት አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ጥቁሩ ጅልባብ፣ ዓይን ብቻ የሚያሳየው ኒቃብ፣ ግራ ትከሻን ዝቅ አድርጎ መራመዱ፣ ሁሉም የእህቷ ነበር። የታቀፈችው ሴት ግን ደንግጣ ቆማለች።

«እኔ ሐኒ ነኝ፣ እህቴ» አለች በቀስታ። «አላህ ሰብር ይስጥሽ።»

ማሪያም የተቀበረችው ትናንት ነው። ማንጎው ሥር የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። ሰዕዲያ እሳት እንደነካ ሰው እጇን ሰበሰበች። በአባቷ በኩል ያለችው፣ አማርኛው ብዙም የማይቀናት የበርታ ብሔረሰብ አክስቷ መጥታ ክንዷን ያዘቻት።

«ተው ሰዕዲያ። ማሪያም ሄዷል። ይሄ ሌላ ሰው ነው።»

ሐኒን ተከትለው ሌሎች ኒቃብ የለበሱ ሴቶች ገቡ። ወንድ ወደሌለበት ጓዳ ዘልቀው ፊታቸውን ሲገልጡ ሰዕዲያ አየቻቸው። ዓይናቸው ከእሷ ዓይን ይልቅ አብጧል። ቀናች። ሰው በለቅሶ ቤትም ይቀናል፤ የሰው እንባ ከራሱ እንባ ሲበልጥበት ደሙ ይፈላል።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው እንኳ በመልክ አይተዋወቁም ነበር። ከኩርሙክ የመጣችው ብርጭቆ እያቀበለች «ስኳር ይጨመርልሽ?» ስትል ነው አጠገቧ ያለችው ብድግ ያለችው።

«ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ? በድምፅሽ እኮ ወፍራም ትመስዪኝ ነበር!»

ተቃቀፉና ሳቁም ለቅሶውም ተቀላቀለባቸው። የሰዕዲያ ጎረቤት ጤናዬ የከርከዴውን ሻይ እያደለች ጠጋ አለቻት።

«እነዚህ ደግሞ የየት አገር ዘመዶች ናቸው?»

«የስልክ ዘመዶች» አለች ሰዕዲያ።

ማሪያም ኒቃብ የለበሰች ሰሞን ነው ቴሌግራም ላይ «ጓዳችን» የሚባለው ቡድን ውስጥ የገባችው። ፊታቸውን የሚሸፍኑ ሴቶች ብቻ ናቸው ያሉበት። ፎቶ ክልክል ነው፤ የሚላላኩት ድምፅ ነው። ወንድ ተሸሽጎ እንዳይገባባቸው አዲስ ሴት መጀመሪያ ድምፅዋን ትልካለች፤ ኃላፊዋ ሐኒ አዳምጣ ትፈቅዳለች። ከዚያ በኋላ ማሪያም ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን ከሻርፗ ሥር ጆሮዋ ላይ ሸጉጣ፣ ብቻዋን መሳቅ አመጣች።

«ምን አሉሽ?» ትላታለች ሰዕዲያ።

«የጓዳ ወሬ ነው።»

«እኔስ የት ነኝ? ደጅ?»

«ኒቃብ ልበሺና ትገቢያለሽ!»

ቀልድ ነበር። ሰዕዲያ ግን ከቀልዱ ቂሙን አስቀረች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ጸጉሯን የሠራችላት፣ ስትታመም ያስታመመቻት፣ አንድ ምንጣፍ ላይ አብራት ያደገችው እሷ ሆና፣ ፊቷን አይተው የማያውቁ ሴቶች የእህቷን ሳቅ ሲበሉት ማየት አቃጠላት። ስለዚህ ማሪያም ስልኳን ባነሣች ቁጥር መጣራት ጀመረች። የባምያውን ወጥ እዪ፣ ውሃ ቅጂ፣ ልብስ አስገቢ። ሥራ ኖሮ አልነበረም። ማሪያም ሁልጊዜ «መጣሁ!» ብላ ትመጣለች፤ ሥራ እንደሌለ ስታይ አትቆጣም፤ «ጠጋ በይ» ብላ እዚያው ምንጣፍ ላይ ጎኗ ትቀመጣለች።

ከዚያ ወባ ያዛት፤ ሳምንት እንኳ አላቆያትም። ማሪያም ከተሸፈነች ወዲህ ፎቶ አልተነሣችም፣ የድሮዎቹንም አጥፍታቸዋለች። ሰዕዲያ የራሷን ስልክ ብትበረብር ከእህቷ የቀረ አንድም ነገር አጣች። ድምፅም የለ። አብሮ ለሚኖር ሰው ማን ድምፅ ይልካል?

በሦስተኛው ቀን፣ ከዱዓው በኋላ፣ በጓዳው መጋረጃ በኩል ሹክሹክታ ሰማች።

«ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው የሚጠፋው።»

«ድምፅዋ በሙሉ?»

«በሙሉ። ብሞት ከጓዳችን አጥፉልኝ ብላ ተናዝዛለች። አማና ነው፤ አደራ አይበላም።»

ሰዕዲያ ወደ መጋረጃው ተጠጋች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲስቅና ሲያወራ የኖረ ድምፅ እዚያ፣ የሰው ስልክ ውስጥ አለ፤ ከሶላት በኋላ ሁለተኛ ላይሰማ ይጠፋል። ልትለምናቸው አሰበች። ግን እህቷን የወሰዱባትን ሴቶች እህቴን ስጡኝ ማለት ከሞት ከፋባት። መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ያሰበችውን ትታ «ሻይ ያልደረሳችሁ አለ?» አለች።

ሁሉም ባንድ ጊዜ ዞር አሉ። ከኩርሙክ የመጣችው አጠገቧ የተቀመጠችዋን ሴት ክንድ ነካ አድርጋ፣ ፈገግታ እያመለጣት፣ «አለቃዋ ናት» ስትል ተሰማ።

«ማን ነው አለቃ ያለኝ?» ሰዕዲያ ጮኸች። «እንደዚህ እያለች ነበር የምታማኝ? በቁሟ ወሰዳችሁብኝ፤ አሁን ደግሞ ድምፅዋን ልታጠፉት ነው። ለእኔ ምን ተረፈኝ? ንገሩኝ፣ ምን ተረፈኝ?»

ጤናዬ ትሪዋን እንደያዘች በር ላይ ቀረች። ሐኒ ተነሣችና ሰዕዲያን እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«አላማችሽም። ጓዳችን ውስጥ ያንቺን ድምፅ የማታውቅ ሴት የለችም» አለችና ስልኳን ከፈተች።

መጀመሪያ የስፌት መኪና ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ማሪያም። «እህቶች፣ የኒቃቡ ማሰሪያ ጆሯችሁን ለሚያማችሁ፣ በውስጥ በኩል ለስለስ ያለ ጨርቅ ስፉበት። ጨርቁን እንዲህ አጥፋችሁ...» ከሩቅ ሌላ ድምፅ ገባ፣ የተቆጣ። «ማሪያም! ኧረ ባምያው አረረ!»

ማሪያም ሳቀች። «ቆዩኝ፣ አለቃዬ ተጣራች። መጣሁ ሰዕዲያ!»

ሐኒ ሌላውን ከፈተች። ማሪያም ስለ ጾም ስትናገር ቆይታ፣ «ማሪያም! ልብስ አስገቢ!» ተባለች። «መጣሁ!» ሌላም ነበር፤ ሌላም። ሁሉም የሚያልቀው በዚያው ነው።

«ወሬዋን ጨርሳልን አታውቅም» አለች ከኩርሙክ የመጣችው እንባዋን እየጠረገች። «እኔማ እቀናብሽ ነበር። እኛ ስንጠራት ‹ነገ› ትለናለች። አንቺ ስትጠሪ መሃል ላይ ጥላን ትሄዳለች።»

«ባምያው አላረረም ነበር» አለች ሰዕዲያ። ምን ማለቷ እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም።

አዛን ሲሰማ ሐኒ ድምፆቹን አንድ በአንድ ወደ ሰዕዲያ ስልክ ላከቻቸው። «ከጓዳችን አጥፉ ነው ያለችው» አለች፤ «ከእህቴ ዘንድ አጥፉ አላለችም።» ሰግደው ሲያበቁ ከቡድኑ ላይ አጠፋቻቸው። ሴቶቹ ኒቃባቸውን አስረው፣ የአሶሳ ባጃጅ ቆሞ ወደሚጠብቃቸው መንገድ ወጡ። ሰዕዲያ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው፤ ከኋላቸው ስታይ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃታት።

ተመልሳ ማንጎው ሥር ምንጣፏ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ስልኩን ከሻርፗ ሥር ጆሮዋ ላይ ሸጎጠች።

«ማሪያም! ኧረ ባምያው አረረ!»

«ቆዩኝ፣ አለቃዬ ተጣራች። መጣሁ ሰዕዲያ!»

ሰዕዲያ ምንጣፉ ላይ ጠጋ አለች።