ከአዳራሹ ውጪ ያለ አይቆጠርም

ቨርና ላይታላ ማርሊስ ብራንትን በሦስት ነገር ነበር የምትጠላት፤ በጀልባዋ፣ በሳቋና በሎሚ ኬኳ። በአራተኛ ደግሞ ምርጫው መጣ።

የሐይቁ ቀበሌ ምክር ቤት ውስጥ አንድ ወንበር ተለቀቀ። ቨርና ያንን ወንበር ስትመኘው ነው የኖረችው፤ ለማንም ትንፍሽ ሳትል፣ ለባሏ ለሬይኖ እንኳ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በረዶው ሐይቁን ከለቀቀበት ቀን ጀምሮ ተመልሶ እስኪይዘው ድረስ፣ በየሳምንቱ ብቻዋን እየቀዘፈች መሀል ውሃ ትገባለች። ሳህን የሚያህል ነጭ ነገር በገመድ ወደ ታች ትለቅና ስንት ክንድ ሲወርድ ከዓይኗ እንደሚጠፋ ትጽፋለች። ውሃው እየደፈረሰ መሆኑን፣ ከየግቢው የሚወርደው ማዳበሪያ ከታች አረም እያበቀለ መሆኑን መጀመሪያ ያወቀች እሷ ናት። ዝናብ አላስቀራትም፣ የወገቧ ሕመምም አላስቀራትም። ታዲያ ወንበሩ የሷ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

የማርሊስ ሊሆን ነዋ!

ማርሊስ ባሏ የሞተባት የከተማ ሴት ናት። ከመጣች ገና ስድስት ዓመቷ። በመጣች በዓመቱ ግድግዳው መስታወት የሆነ ቤት አቆመች፣ ጣራ ያላት ጠፍጣፋ ጀልባ ገዛች፣ ዓርብ ዓርብ ጎረቤቱን ሁሉ ጀልባዋ ላይ ጭና ዓሣ ጥብስ ታበላ ጀመር። ከዓሣው በኋላ የሎሚ ኬክ። ሳቋ ሐይቁን ተሻግሮ የቨርና በረንዳ ላይ ይደርሳል። ይባስ ብሎ ሬይኖም ይሄዳል።

«ዛሬስ ምን አበላችህ?» ትለዋለች ሲመለስ፣ ድንቿን እየላጠች፣ ቀና ሳትል።

«ያው ዓሣ ነው።»

«ኬኩስ?»

«ኬኩማ…» ይልና ሬይኖ ያቆማል። አርባ አንድ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው የት ላይ ዝም እንደሚባል ያውቃል። ፂሙ ላይ የቀረው ስኳር ግን ዝም አይልም።

እዚያ ሐይቅ ዙሪያ ምርጫ ማለት የሐይቁ ወዳጆች ማኅበር ማለት ነው። ማኅበሩ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱን ይለይና «እኛ የምንደግፈው ይህን ሰው ነው» ብሎ በየቤቱ ደብዳቤ ይልካል። ድጋፉን ያገኘው ሰው ደግሞ በየደጁ በሚተክለው ሰሌዳ ላይ የማኅበሩን ዓርማ፣ አረንጓዴዋን ወፍ፣ ይለጥፋል። ወፏ ያለችበት ሰሌዳ ተሸንፎ አያውቅም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦርቪል ነው፤ ኦርቪል ደግሞ የማርሊስ ጀልባ ላይ የራሱ ትራስ አለው ይባላል።

 በኬክ ልትበላኝ ነው፣ አለች ቨርና በሆዷ። ሦስት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ በሐምሌው ስብሰባ ላይ ብድግ አለች። ቨርና ስብሰባ ላይ ቆማ ስትናገር ታይታ ስለማትታወቅ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት።

«እኔና ማርሊስ ነን የምንወዳደረው» አለች። «ማኅበሩ ድጋፍ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ በእኩል ዓይን ይየን። ሦስት ሰው ይሰየም። ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት ተራ፣ ሩብ ሩብ ሰዓት። ነጥብ የሚሰጠው አዳራሹ ውስጥ ለተባለው ብቻ ነው። ከአዳራሹ ውጪ ያለ አይቆጠርም። ማን ማንን አበላ፣ ማን ማንን በጀልባ አንሸራሸረ፣ አይቆጠርም!»

ሰዉ ሳቀ። የኦርቪል ጆሮ ቲማቲም መሰለ። ማርሊስ ግን «እውነቷን ነው! ቨርና ልክ ናት!» እያለች ከሁሉ አብልጣ አጨበጨበች። ቨርናን ይሄ ጭብጨባ ከኬኩም በላይ አንገበገባት። ወጥመድ ሲዘረጋለት የሚያጨበጭብ ሰው የት ታይቷል?

ሬይኖ መኪናውን እየነዳ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «ጥሩ ሕግ ነው» አላት። «ለማርሊስ ነው የሰፋሽው አይደል?»

«ለፍትሕ ነው።»

«ልኩ ግን የማርሊስ ነው።»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

ሕጉ ጸደቀ። የጥያቄው ቀን ቨርና የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ አዳራሽ ገባች። ከጠረጴዛው ወዲያ ኦርቪል፣ የፖስታ ቤቷ ሴትዮና አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ተደርድረዋል። ሦስቱንም ከወጣትነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች።

«ጥያቄ አንድ» አለ ኦርቪል፣ ወረቀቱን እያየ። «ለሐይቁ እስካሁን ምን ሠርተሻል?»

ቨርና አፍጥጣ አየችው። መቅዘፊያዋ ሲሰበር አዲሱን የሠራላት እሱ ነው።

«ምን ብለህ ትጠይቀኛለህ ኦርቪል? ታውቀው የለ?»

«የማውቀው አይቆጠርም። ራስሽ ነሽ ያልሽው።»

«እንግዲህ… ውሃውን አያለሁ።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«ሌላማ ምን አለ።»

እዚያ አገር ራስን ማመስገን ነውር ነው። ቤቱ ሲቃጠል «ዛሬ ትንሽ ሞቅ ብሎናል» የሚል ሕዝብ ነው። ቨርና ደግሞ ከነሱም ትብሳለች። ስድስቱን ጥያቄ በስድስት ደቂቃ ጨርሳ፣ ቀሚሷን አራግፋ ወጣች። ቁጥብ፣ ጨዋ፣ ምንም ያልተንዛዛ። በራሷ ኮራች።

ማርሊስ ደብተር ታቅፋ ገባች። ቨርና መኪና ውስጥ ከሬይኖ ጎን ቁጭ ብላ ሰዓት ትቆጥራለች። ሰባት ደቂቃ፣ አሥር፣ አሥራ ሦስት። ከውስጥ ሳቅ ተሰማ።

«ይሳቃል እንዴ እዚያ ውስጥ?» አለች።

«ሳቅ ክልክል ነው የሚል ሕግ አላወጣሽም» አላት ሬይኖ።

ማርሊስ ሩብ ሰዓቷን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጥታ ወጣች።

በሁለተኛው ቀን ቨርና ጓሮ ጎንበስ ብላ ባቄላዋን ስትለቅም ኦርቪል ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። ባርኔጣው በእጁ ከሆነ ወሬው ደግ አይደለም።

«ከሠላሳ ነው» አለ። «ማርሊስ ሃያ ሰባት። አንቺ አሥራ አራት።»

ቨርና ቀና አለች። «ምን ብላ ነው?»

«ምን ያላለችው አለ? ውሃው ባሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ክንድ ያህል እንደደፈረሰ፣ በየትኛው ወር እንደሚብስ፣ ቆሻሻው ከየትኛው ጎን እንደሚመጣ…»

«የኔ ነው! ያ የኔ መዝገብ ነው!»

«እሱንም ብላለች። ይህን ሁሉ ያገኘሁት ቨርና በማኅበሩ ጋዜጣ ላይ ካወጣችው ነው፣ ለዚህ ሐይቅ እንደሷ የለፋ ሰው የለም፣ አለች።»

ቨርና የባቄላውን ቅርጫት ለቀቀችው። «አመሰገነችኝ?»

«በጣም እንጂ።»

«ብትሰርቀኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «እሷ እንዲያ ካለች ታዲያ ነጥቡን ለኔ አትሰጡኝም?»

«በሷ ሩብ ሰዓት ነዋ የተባለው። አንቺማ በራስሽ ተራ ‹ውሃውን አያለሁ› ብለሽ ወጣሽ።»

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዓይናቸው ሥር ስትቀዝፍ ኖራ፣ ሥራዋ የሚያምረው በማርሊስ አፍ ሲነገር ሆነ። ይህ ነው ቨርናን የበላት።

ኦርቪል ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ደብዳቤው የሚወጣው ሐሙስ ነው። ሦስታችንም ተነጋግረናል፤ ከብዶናል። አንድ መስመር ጻፊልን። ‹ሕጉ ልክ አልነበረም› በይ፣ እንተወዋለን። የምናውቀውን እንቆጥራለን። የምናውቀው ከተቆጠረ ወፏ ያንቺ ናት።»

 ቨርና ሰሌዳዋ ላይ አረንጓዴዋ ወፍ ቁጭ ብላ ታየቻት። የምክር ቤቱ ወንበር፣ ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ሁሉም ታያት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ብዕር ስጠኝ ልትለው ምንም አልቀራትም።

«ማርሊስስ?» አለች። «ምን ትላለች?»

«ማርሊስን ታውቂያት የለ? እሷማ ታጨበጭባለች።»

እዚህ ላይ ነው ኦርቪል ነገሩን ያበላሸው። ቨርና ያንን ጭብጨባ ሰማችው፤ ሞቅ ያለ፣ ደግ፣ ከሁሉ የበለጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓርብ አየችው። ማርሊስ ጀልባዋ ላይ ዓሣ እያዞረች፣ «ምስኪን ቨርና፣ ስላሳዘነችን ለቀቅንላት» ስትል። ሰዉም ኬክ እየጎረሰ «አንቺ ደግሞ ልብሽ!» ሲላት። ያ ሁሉ ድምፅ ውሃውን ተሻግሮ በረንዳዋ ላይ ሲደርስ።

«አይሆንም» አለች።

«እንዴት?»

«የምታውቁት ሁሉ ከተቆጠረ ትራስህም ይቆጠር?»

 የኦርቪል ጆሮ እንደገና ቲማቲም መሰለ። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለፍትሕ ብለሽ ይህን ያህል…» ሲል ቨርና አቋረጠችው።

«ፍትሕህን ይዘህ ቤትህ ግባ! እዚያች ጀልባ ላይ ታዝኖልኝ ከምመረጥ ሐይቁ ይዋጠኝ።»

ሬይኖ በረንዳው ላይ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። ኦርቪል ሲሄድ ራሱን ያዘ። «አንቺ ሴት! እጅሽ ድረስ መጥቶልሽ!»

«የሷ እጅ ነክቶታል» አለች ቨርና።

ግን ከምርጫው አልወጣችም። ሐሙስ ማርሊስን የሚደግፈው የማኅበሩ ደብዳቤ በየቤቱ ሲደርስ፣ ዓርብ ቨርና ሬይኖን አስከትላ በር ማንኳኳት ጀመረች። በመጀመሪያዎቹ በሮች ላይ «ቨርና ነኝ… መቼም ታውቁኛላችሁ…» ስትል ላብ አጠመቃት። በአሥረኛው በር «አሥራ ዘጠኝ ዓመት» የሚለው ቃል ከአፏ ወጣ። አርባኛው ላይ ዝናቡንና ወገቧን ጨመረች። መቶኛው ላይ ሬይኖ እጅጌዋን እየጎተተ «ይበቃል፣ ሰዎቹ ምሳቸው ሊበርድ ነው» እስኪላት ደረሰች። መንገዷን የማርሊስ ሰሌዳዎች፣ ሁሉም ወፋቸውን ይዘው፣ ግራና ቀኝ ሞልተውታል። እያንዳንዱን ገላምጣ ታልፋለች።

ኦርቪል ደግሞ አፉን የሚይዝ ሰው አይደለም። ቨርና ወፏን እንቢ ማለቷ ጀልባው ላይ ተወራ፣ ከጀልባው ወደ ፖስታ ቤት፣ ከፖስታ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ቄሱ ሰበኩበት፤ «በመካከላችን ለፍትሕ ስትል የራሷን የተወች ሴት አለች» አሉ። ቨርና አንገቷን ደፋች። ሬይኖ አጠገቧ ሆኖ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

በኅዳር ምርጫ ማርሊስ መቶ ሰማንያ ስምንት፣ ቨርና መቶ ስድሳ ሦስት ድምፅ አገኙ። ያለ ወፍ ይህን ያህል ያገኘ ሰው በቀበሌው ታይቶ አይታወቅም፤ ስድሳ ያለፈ እንኳ አልነበረም።

ውጤቱ እንደተነበበ ማርሊስ አዳራሹን ሰንጥቃ መጥታ ቨርናን እቅፍ አደረገቻት። እንባዋ እውነተኛ ነበር፤ ቨርናን ያበሳጫትም እሱ ነው።

«አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ምንም አላውቅም ነበር» አለቻት። «ምን ላድርግልሽ ቨርና? የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

ቨርና ከዕቅፏ ቀስ ብላ ወጣችና ኮቷን አስተካከለች።

«የሚቀጥለው ወንበር የሚለቀቀው መቼ ነው?»

«ወይ ጉድ! እኔ ገና ሳልቀመጥ?» ማርሊስ ያንን ሳቋን ሳቀች።

«አንቺማ ተቀመጪ» አለች ቨርና። «እኔ ቀኑን ነው የጠየቅኩሽ።»