የወንድም ጋሼ የመጨረሻ ዲቴክተር

ወንድምና እህት ናቸው፤ አንድ ሕንፃ ውስጥ ይሠራሉ። እሱ ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ይሠራል፣ እሷ ምድር ቤት ሆና የሠራውን ትፈትናለች። ሥራቸው ወደ ጠፈር ለሚላክ ቴሌስኮፕ የሚሆን ዲቴክተር ነው፤ ኢንፍራሬድ የሚሉትን፣ ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር የሚለቅም፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ስስ ነገር። ባልደረቦቻቸው «እሱ ይወልዳል፣ እሷ ታስለቅሳለች» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። አርባ ዓመት አልፏትም ዛሬም «ሚጣ» ይላታል፤ እሷም «ወንድም ጋሼ» ከማለት አልወጣችም።

የቴሌስኮፑ ሥራ በተገባደደበት ዓመት ወንድም ጋሼ ታሞ ሆስፒታል ገባ። የመጨረሻ ሥራው ግን እሷ እጅ ደርሶ ነበር። አየር በተመጠጠለት በርሜል ውስጥ ከትታ የጠፈርን ያህል አቀዘቀዘችው፣ መልሳም አሞቀችው፤ ይህ አንድ ዙር ነው። መመሪያው «ሁለት ዙር ይበቃል» ይላል፤ ሁለቱንም አለፈ። ነገር ግን የግራው ማዕዘን አላማራትም። ድፍን ጨለማ ውስጥ፣ ምንም ሳይደርሳቸው፣ አንዳንድ ነጥቦች ብርሃን እንዳዩ ሁሉ ያበራሉ። በመጀመሪያው ዙር አሥራ ሁለት ነበሩ፣ በሁለተኛው አርባ። ሦስተኛ ዙር ከራሷ ጨመረች። ሦስት መቶ አለፉ። ዲቴክተሩን ከሥር የያዘው ሙጫ እየለቀቀ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ የፈተናውን ወረቀት አይቶ ተነፈሰ። «ሦስተኛውን ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«ሰውየው እኮ ሞት አፋፍ ላይ ነው። ሁለቱን አልፏል ብለሽ ብትተዪውስ?»

«እላይ ከወጣ በኋላ ማን ሄዶ ይጠግነዋል?» አለችና «ውድቅ» ብላ ፈረመች።

በማግስቱ ከሰዓት ልትጠይቀው ሄደች። ገና ሳትቀመጥ «እንዴት ሆነልኝ?» አላት።

«ደህና ነው።»

«ሚጣ፣ ስትዋሺ እኮ የሸሚዝሽን ቁልፍ ትነካኪያለሽ።»

እጇን አወረደች። «የግራው ማዕዘን…»

ዓይኑን ጨፈነ። «አውቄዋለሁ። ሙጫውን ስቀባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እንዲያ ነበርኩ። ብናገር ከወንበሩ ያነሱኛል ብዬ ዋጥ አደረግሁት።»

«ለእኔ እንኳ?» ድምፅዋ ጮኸ። «ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?»

«ለአንቺማ እንዴት ብዬ! ብነግርሽ ትጽፊዋለሽ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ እሷ ማልቀስ ጀመረች። እስክትጨርስ ጠበቃትና፣ «በይ አሁን ጻፊው» አላት። «በዚያ ሁለት ወር የሠራኋቸው ሌሎች ሁለት አሉ። በእኔ ስም ጻፊና ይፈተሹ።»

ጻፈችው። ከሁለቱ አንዱ ለበረራ ተመርጦ ነበር፤ ከእሱ ሥራ ሁሉ የተመረጠው ያ ብቻ ነበር፤ የእሱም ሙጫ ሦስተኛው ዙር ላይ ለቀቀ። በሌላ ሰው ሥራ ተተካ። በኮሪደሩ አንዳንዱ «የገዛ ወንድሟን ስም አጠፋች» እያለ ፊቱን ያዞርባት ጀመር። ወንድም ጋሼ በዘጠነኛው ቀን አረፈ።

ቴሌስኮፑ የመጠቀ ዕለት ጠዋት የወንድሟ ሚስት ቤት ሄደች። ሮኬቱ ጭሱን እየጎተተ ሲወጣ ሁለቱ ሴቶች ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በቴሌቪዥን አዩት።

«የእሱ የቱ ጋ ነው ያለው?» አለች ሚስትየው፣ በጣቷ እያመለከተች።

«የእሱ የለበትም፣ እትዬ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ደክሞበት?»

«አሥራ አንድ ዓመት ደክሞበት።»

«እንግዲያስ ቴሌቪዥኑን አጥፊው» አለቻት ሚስትየው።

አጠፋችው። ከዚያ አጠገቧ ተመልሳ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።