የቤዙ ቦታ

እትዬ የሺሐረግ የሟች ወንድማቸውን ክላርኔት በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ወደ ድንኳኑ ሲገቡ፣ ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደገና ተነሣ። የሰልስት ዕለት ነው። ሙሾው ሲበርድ ክላርኔቱን ከተስፋሚካኤል ፎቶግራፍ አጠገብ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኙት።

«ኮምፒውተሩስ? እሱም ይውጣ እንጂ» አለች ከኋላ አንዲት ጎረቤት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጓደኛቸውን የለወጡበት አይደል?»

«ተይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

እየሩሳሌም ሰምታለች። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የሙዚቃ ፕሮግራም የሠራችው እሷ፣ የሟቹ ልጅ ናት።

ሄልሲንኪ ተምራ ስትመለስ፣ አባቷ በወጣትነቱ ከተጫወተበት የፋብሪካ ኪነት ቡድን የቀሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እሱና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጋሽ ደበላ። ከበሮ መቺው ሞቷል፤ ኦርጋኒስቱ ልጁ ጋ አዳማ ገብቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ደበላ ጊታራቸውን ታክሲ ላይ ታቅፈው ከሳሪስ አቦ እስከ አቃቂ በሰቃ ይመጣሉ፤ የጎደለውን ከበሮና ኦርጋን ተራ በተራ በአፋቸው ይሞሉታል። እየሩሳሌም መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሥራ ጀመረች።

ፕሮግራሙ ክላርኔቱን በማይክሮፎን ይሰማል። ተጫዋቹ ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ሲወስድ ይጠብቃል፤ ከበሮውን፣ ኦርጋኑንና ቤዙን እዚያው እየፈጠረ ያጅባል። ጥሩ ሥራ ነበር። እየሩሳሌም ብዙ ነገር ትጠራጠራለች፤ መመለሷ ልክ ይሁን አይሁን እንኳ አታውቅም። ይህ ሥራዋ ጥሩ መሆኑን ግን ተጠራጥራ አታውቅም። ፕሮግራሙ ቤት ከገባ በኋላ ግን ጋሽ ደበላ ቀሩ።

«ከበሮው ሰው ነው» ብሏት ነበር አባቷ በመጀመሪያው ቀን፣ ተጫውቶ ሲያበቃ፣ ፊቱ በርቶ። «ቤዙን ግን አጥፊው።»

አሻሽላ አመጣችለት። እጁን ሰዶ አጠፋው።

«ምኑ ነው ያልጣመህ፣ አባዬ?»

«ጥሟል።»

«ታዲያ?»

«ባዶ ይሁን።»

እንደገና ሠራችው። ሳይሰማው አጠፋው። ስለ ጋሽ ደበላ ስትጠይቀው ደግሞ መልሱ አንድ ነው። «እግር አለው፤ ይምጣ።»

አሁን ድንኳኑ ውስጥ እትዬ የሺሐረግ ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ነኩ። «ደበላ ውጭ ቆሟል። ግባ ብለው እምቢ አለኝ።»

እየሩሳሌም ተነሥታ ወጣች። ጋሽ ደበላ ከድንኳኑ ገመድ አጠገብ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ይግቡ እንጂ፣ ጋሽ ደበላ።»

«እዚሁ ይበቃኛል፣ ልጄ። እግዜር ያጥናሽ።»

«ለምን ቀሩብን?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ቅዳሜ በሩ ድረስ መጥቼ ነበር። ክላርኔቱ ይሰማል፤ ከበሮ ይሰማል፤ ቤዝም አለ። ደህና ቤዝ። ሌላ ሰው አገኘ ብዬ ጊታሬን ይዤ ተመለስኩ። ኋላ ማሽን ነው ሲሉኝ ባሰብኝ። በሰው ብሸነፍ ይሻለኝ ነበር።»

«ቤዙ የተሰማው ያን የመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው» አለች እየሩሳሌም። «ከዚያ ወዲህ ቤዙን አስከፍቶኝ አያውቅም። መጥፎ ስለሆነ መስሎኝ ደጋግሜ ሠራሁት።»

«አታባብይኝ።»

ስልኳንና የጆሮ ማዳመጫዋን ከኪሷ አወጣች፤ ከዚያ እጇ ቆመ። ለቅሶ ቤት ሙዚቃ አይከፈትም። ጎረቤቱ እንኳ ሬዲዮውን ከዘጋ ሰንብቷል። ተከትለዋት የወጡትን አክስቷን አየቻቸው።

እትዬ የሺሐረግ ድንኳኑን ገልመጥ አደረጉ። ከዚያ ጀርባቸውን ለለቀስተኛው ሰጡ፤ ነጠላቸውን ሰፋ አድርገው ሁለቱን ከለሉ።

«ቶሎ በሉ» አሉ።

አንዱን ማዳመጫ ለጋሽ ደበላ ሰጠች፤ አንዱን የራሷ ጆሮ ላይ አደረገች። አባቷ መጨረሻ ሲጫወት የቀዳችውን ከፈተች። ትንፋሹ ተሰማ፤ ክላርኔቱ ገባ፤ ከበሮውና ኦርጋኑ ተከተሉት። ከሥር ምንም የለም። መሐል ላይ፣ ድሮ ጋሽ ደበላ ብቻቸውን የሚጫወቱበት ቦታ ሲደርስ አባቷ ዝም አለ። ከበሮው ቀስ ብሎ መታ፤ ፕሮግራሙ አባቷን እየጠበቀ ነው። አባቷ ግን የጋሽ ደበላ ተራ እስኪያበቃ ቆይቶ ነው የተመለሰው።

ጋሽ ደበላ ከዘራቸውን ከመሬት አንሥተው ደረታቸው ላይ አጋደሙት። ግራ እጃቸው የእንጨቱን አንገት ጨበጠ። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ከታች በኩል እንጨቱን መምታት ጀመሩ። ዜማው እስኪያልቅ አላቋረጡም።

«ድገሚው» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «መሐሉ ላይ ዘግይቼ ገባሁ።»

እየሩሳሌም ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ጋሽ ደበላ ከዘራውን አስተካክለው ያዙ። የአባቷ ትንፋሽ ሲሰማ፣ እሳቸውም አብረው አየር ሳቡ።