የእህቴ ባል ድረ ገጽ

የእህቴ ባል ዘካሪያስ የሰውን ሁሉ ሕይወት ሊለውጥ ተነሣ። እኔ ጥሩወርቅ ደግሞ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒውተር ቤት አለኝ፤ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ሲቪ እጽፋለሁ፣ ኢንተርኔት አከራያለሁ። ስለዚህ ሕይወት የመለወጡ ሥራ የተካሄደው በእኔ ኮምፒውተር፣ በእኔ ወንበር፣ መብራት ባለ ቀን ሁሉ ነው።

ዘካሪያስ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በ2007 ክረምት አዲስ አበባ ሄዶ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የሕይወት አማካሪነት የአጭር ጊዜ ሥልጠና ወሰደና ምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ተመለሰ። ሲሄድ መምህር ዘካሪያስ፣ ሲመለስ ኮች ዘካሪያስ። ማስተማሩን ተወ። «የአገራችን ሰው ችግሩን የሚያዋየው ባለሙያ የለውም» አለኝ። ቆቦ ውስጥ ሰው ችግሩን ባይናገር እንኳ ጎረቤቱ ተናግሮለት እንደሚያድር የማያውቅ ይመስል።

ሚስቱ ቆንጅት ታናሽ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እሱ ማስተማሩን ከተወ ወዲህ ቤቱን የያዘችው በረንዳዋ ላይ ያለችው የስፌት መኪና ነበረች። አትቆጣም፣ አታማርርም። እያደር ግን ዝም እያለች ሄደች፤ እኔ የፈራሁት ያንን ዝምታ ነው። በእኛ ቤተሰብ ሴት ዝም ካለች ሻንጣዋን በልቧ እየሸከፈች ነው። እናታችን ያለችው ሮቢት ነው፤ ሚኒባሱ ደግሞ ከደጃፌ ነው የሚነሣው።

ሥራውን የሚያስተዋውቅበትን ድረ ገጽ ለሚያውቅ ሰው ስጠው ብለው እምቢ አለ። በራስ መተማመንን የሚያስተምር ሰው የራሱን ድረ ገጽ ራሱ ካልሠራ ማን ያምነዋል አለ። ከኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚሰጥ የተዘጋጀ ገጽ አገኘ። ቤቱን ፈረንጆች ሠርተውታል፤ የእሱ ድርሻ መጋረጃ መቀየር ነው። ሰማያዊ እምነትን ያሳድራል፣ ብርቱካናማ ወኔ ይቀሰቅሳል እያለ ስንት ቀን ዋለበት። ቀለም ለመምረጥ የፈጀውን ጊዜ ሚስት ሲመርጥ አልፈጀም።

ከቀለሙ ቀጥሎ የመጣው ጭንቅ «የደንበኞች ምስክርነት» የሚለው ቦታ ነው። ሦስት ክብ ፎቶ፣ ከሥራቸው የምስጋና ቃል። ደንበኛ ግን የለውም። ባጃጅ ነጂውን ውዱን መንገድ ላይ አስቁሞ «ሕይወቴ ተለውጧል በልልኝ፣ ፎቶህን ላውጣው» ቢለው፣ ውዱ «ከመለወጡ በፊት ምን ነበረ ልትል ነው?» አለው። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ለመለወጥ አስቀድሞ መበላሸት ያስፈልጋል፤ የራያ ሰው ደግሞ ገመናውን አደባባይ አይሰቅልም። እንኳን ፎቶውን ስሙን የሰጠው አልተገኘም።

ዘካሪያስ ቦታው ባዶ ሲሆን አላስቻለውም። ሁለቱን ክብ ከገጹ ጋር አብረው ለመጡት ፈረንጆች ተወላቸው፤ ስም ብቻ አወጣላቸው። ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ባለ ቢጫ ጸጉር ሰውዬ «አቶ ፈንታው፣ ከወልድያ» ተባለ። ለሦስተኛው የሠርጋቸውን ፎቶ አምጥቶ ስካን አድርጊልኝ አለኝ፤ የራሱን ታሪክ ሊጽፍ መስሎኝ አደረግሁለት። ራሱን ከፎቶው ቆርጦ አስወጣና ከቆንጅት ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ወይዘሮ ሜላት፣ ከአዲስ አበባ። ትዳሬ ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር፤ ኮች ዘካሪያስ ደረሰልኝ።»

ብዙም ሳይቆይ ከዋጃ እስከ ሮቢት ስልክ ያለው ሁሉ ገጹን አየው። ወይዘሮ ሜላት የሚለውን ማንም አላመነም፤ የአገሩን ሴት ልብስ የምትሰፋውን ቆንጅትን የማያውቅ ማን አለ? ስሙ ለገመና ተብሎ ነው የተቀየረው ተባለ። ትዳሩ ግን ሊፈርስ ነው፤ ባልየው በገዛ እጁ ጽፎታል። በእኛ አገር ደግሞ ትዳር ሊፈርስ ነው ከተባለ ሽማግሌ ጥሪ አይጠብቅም። ቤት ሲቃጠል ያየ ሰው ጥሩኝ እንደማይል ነው።

በድረ ገጹ ላይ ባለው ቁጥር የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው ዘካሪያስ እኔ ዘንድ ቁጭ ብሎ ሳለ ነው። የአገሩ ሽማግሌ ሸህ ታሂር ናቸው። «ልጄ፣ ነገ ከቤት ትገኛላችሁ? ጉዳይ ይዘን ልንመጣ ነበር። ሦስት ሆነን ነው።»

ስልኩን ዘግቶ ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረውም። «የቡድን ምክክር ነው የፈለጉት» አለኝ። «አንቺም ነይና እይ፤ ድካማችን ፍሬ አፈራ።»

በማግስቱ ሄድኩ። ወንበሮቹን ክብ አድርጎ ደርድሯል። ነጭ ሰሌዳ አቁሟል። ምስክር ወረቀቱን ከማርያም ሥዕል ጎን ሰቅሎታል። ሸህ ታሂር፣ ሌላው ሽማግሌ አቶ እሸቴና እማማ ራቢዓ ገቡ። እማማ ራቢዓ ዱበርቲ ናቸው፤ ሴቶች ሲጨንቃቸው ዱዓ አድርጉልን ብለው የሚሄዱባቸው ትልቅ ሴት። ሦስቱም ወንበሮቹን አልፈው ግድግዳው ሥር ካለው መደብ ላይ ተቀመጡ።

ዘካሪያስ እጁን አፋተገ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ወደዚህ ያመጣችሁ ምንድን ነው? በነጻነት ተናገሩ፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«ያመጣችሁንማ እናንተው ናችሁ» አሉ ሸህ ታሂር። «በል ቆንጅትን ጥራት።»

«እሷ እንኳ ለዚህ አታስፈልግም።»

አቶ እሸቴ ወደ ሸህ ታሂር ዞሩ። «አታስፈልግም አለ። ነገሩ ከሰማነው ይብሳል።»

ቆንጅት ከቀሚሷ ላይ ክር እያራገፈች ከበረንዳው ገባች። አቶ እሸቴ የልጃቸውን ስልክ ተውሰው መጥተው ኖሮ ገጹን አሳዩዋት። አየችው፤ ሳቀች። «ሜላት እኔ ነኝ?» አለችው ባሏን። ከዚያ ከሥር ያለውን አነበበችና ሳቋን ተወች።

«እኛ እኮ አልተጣላንም» አለች ለሽማግሌዎቹ።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለን» አሉ ሸህ ታሂር። «ቢስሚላህ። ልጄ፣ የከፋሽ ነገር አለ?»

የለም ልትል አፏን ከፈተች። የለም አላለችም። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ካጣች ምን ያህል እንደቆየች ፊቷ ላይ አየሁት።

«ማታ ሲገባ» አለች፣ «እንዴት ዋልሽ አይለኝም። ከአንድ እስከ አስር ስንት ነሽ ነው የሚለኝ። ስድስት እለዋለሁ፣ ሰባት እለዋለሁ፣ ደስ ይለዋል። አንድ ቀን ሁለት አልኩት። በጣም ጥሩ፣ ከሁለት ወደ ላይ መውጣት እንጂ መውረድ የለም አለኝና ኮምፒውተር ቤት ሄደ።»

የሸህ ታሂር ሽምግልና ደንብ አለው። የተወቀሰ ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት የሰማውን መልሶ ይናገራል፤ ያልሰማ አይመልስም።

«ምን አለች?» አሉት።

«በመካከላችን የመግባባት ክፍተት እንዳለ ገልጻለች።»

ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ አለች?»

«ኧረ አላለችም» አልኩ።

«እንደገና።»

«የምትጠብቀውን ያህል ድጋፍ እንዳላገኘች…»

አቶ እሸቴ በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «አንተ፣ እሷ ስትናገር የት ሄደህ ነበር?»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ስንት ጊዜ እንደ ቀልድ ተናግሬው ነበር፤ ያን ቀን ግን አላሳቀኝም። ሰሌዳውን አንሥቼ ባቀምሰው ደስ ይለኝ ነበር።

«እንደገና» አሉ ሸህ ታሂር።

ዘካሪያስ አቀረቀረ። «ሁለት ነኝ አለችኝ» አለ። «መውረድ የለም አልኳት።»

«ለምን ሁለት ሆነች?» እስከዚያ ያልተናገሩት እማማ ራቢዓ ናቸው።

ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ አየ። «አላውቅም።»

«እኛን ምን ታየናለህ? እሷን ጠይቃት።»

ድረ ገጹ ላይ የመጠየቅን ጥበብ አስተምራለሁ ብሎ በትልልቅ ፊደል ጽፏል። ይህችን አንዲት ጥያቄ ግን ሰው ነግሮት ነው ያወጣት።

«ቆንጂ» አለ፣ «ያን ቀን ለምን ነበር ሁለት ያልሽኝ?»

«አርግዤ ነበር» አለች። «ልነግርህ ደህና ቀን እየመረጥኩ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ወረደብኝ። ጤና ጣቢያ ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን ተመለስኩ። አንድ ልልህ ነበር፤ እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ነው ሁለት ያልኩህ።»

እኔ እህቷ፣ አላውቅም ነበር። ዘካሪያስ አፉን ከፈተ፤ የለመደው ቃል ሁሉ ሊመጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አንድም አልመጣለትም።

ሸህ ታሂር ለማስታረቂያው ዱዓ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። እማማ ራቢዓ ክንዳቸውን ያዙ።

«ቆዩ» አሉ። «እዚህ ቤት ያለው ጠብ አይደለም። ሐዘን ነው። ማንም ሳይደርስላቸው ነው የከረሙት።»

ከመደቡ ወርደው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ወንዶች ተከተሏቸው፤ እኔም ወረድኩ። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ተቀመጥን። ቆንጅት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ዘካሪያስ ከደረደራቸው ወንበሮች መሀል የት እንደሚገባ ጠፍቶት ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ መጥቶ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አላህ ያጽናችሁ» አሉ ሸህ ታሂር።

«እግዜር ያጽናችሁ፤ በሌላ ይተካላችሁ» አሉ አቶ እሸቴ።

ቆንጅት አሜን አለች። ዘካሪያስ እንባው በጺሙ እየወረደ ዝም አለ፤ የሚነገረው ለማን እንደሆነ ያልገባው ይመስል ነበር። በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

«አሜን በል» አለችው። «ላንተም ነው።»